የነጩ ረድፍ ብርጭቆ

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ በሩን ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት። የፎቶ አንሺው የውበቱ አስከሬን ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዷል፤ የሚሸተው ጠረጴዛው ነው። ምግብና ዕቃው ለፎቶ በቀለም በቀለም ተደርድሯል። በቀዩ ረድፍ የፈረጠ ቲማቲም ቀይ ነጠላ ጫማ ላይ ይንጠባጠባል፤ በቢጫው የጠቆረ ሙዝ ዝንብ ወሮታል። በነጩ ረድፍ ሩዝ፣ ባዘቶና በግማሽ የቀረ የወተት ብርጭቆ አለ። እህል እያበሰበሱ ጥበብ ነው ማለት ለያለምወርቅ አልዋጥ አላት፤ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ውበቱን የገደለው የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱም ብርጭቆው ውስጥ ተገኝቷል። ትናንት እሱ ዘንድ የገቡት ረዳቱ ሂዊ፣ ወንድሙ አንሙትና ጎረቤቱ መሪጌታ አካለ ወልድ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛውን የምታሰናዳው ሂዊ ስለሆነች ጣት ሁሉ እሷ ላይ ተቀስሯል። ከጣቢያ የመጣችውም በካቴና ታስራ ነው።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አንሙት። «ጠማኝ ብሎ የእሷን ወተት ግማሹን ጨለጠው።»

«በሁዳዴ?»

«ውበቱ መቼ ጾም ያውቅና።»

መሪጌታ ጸሎታቸው ድረስ የሚገባባቸውን ሽታ ሲያማርሩ ቢከርሙም ሟቹን አላሙትም። ዘንድሮ አንድም ቀን አልገደፈም አሉ፤ አንሙትንም ትናንት ብርዝ ይዞ ሲገባ አግኝተውታል።

ያለምወርቅ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ያለውን፣ ወተቱ የተቀዳበትን ጆግ አየች። ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በዚህ ሙቀት አድሮ አልረጋም፣ ቤቱን የወረረው ዝንብም አልነካውም። ሂዊንና መሪጌታን ለየብቻ ጠየቀቻቸው፤ ጆጉንም አስመረመረች።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመች። ከጆጉ በኩባያ ቀድታ ለአንሙት ዘረጋችለት።

«መርዝ የለበትም፤ ተመርምሯል። ወንድምህ ጠጣ ያልከው ወተት የተቀዳው ከዚህ ነው። ጫፉን ቅመሰው።»

አንሙት እጁን ሰበሰበ። «እኔ ጾም አልገድፍም፣ ኢንስፔክተር።»

«ኖራ ጾም አያስገድፍም» አለች።

አንሙት ኩባያውን ትኩር ብሎ አየው።

«ውበቱ በጾም ወተት ቤቴ አይገባም በማለቱ፣ መሪጌታ ግድግዳ ቀብተው የተረፋቸውን ኖራ ለሂዊ ሰጧት። አወፍራ በጥብጣ የቀዳችው እሷ ናት። ሁለቱም ኖራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሰው በማይጠጣው ነገር መርዝ አይጨምሩም። የጨመረው ወተት የመሰለው ሰው ነው፤ የተጠጣ እንዲመስልም ግማሹን ደፋ። ሐኪሙ ደግሞ ከሟቹ ሆድ ኖራ አላገኘም። ያገኘው መርዝና አንተ ይዘህ የገባኸውን ብርዝ ነው።»

መሪጌታ አማተቡ። ሂዊ ማልቀስ ጀመረች።

«የአባታችንን ቤት ቆሻሻ መጣያ አደረገው» አለ አንሙት ቀስ ብሎ። «ልቀቅ ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ አለ።»

ያለምወርቅ ወንድሙን መርዞ ከአንድ ጉንጭ ወተት የሚጠነቀቀውን ሰው አየችው። ካቴናውን ከሂዊ እጅ ፈትታ አንሙት እጅ ላይ አጠለቀች፤ ያን ሁሉ ሽታ ችላ ቆይታ አሁን ለማስታወክ ወደ ደጅ ወጣች።