የሬጂ ሳጥን

እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። መንፈስ አየሁ የሚል ሲመጣ "ምን ጠጥተህ ነበር?" ብዬ የምጠይቅ ነኝ።

ይህ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ፣ በሃይዳ ጓይ ደሴቶች፣ በአጎቴ በቨርነን የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ። ውጭ ያካፋል። እኛ ጋ ወሬ የሚሆነው ካላካፋ ነው።

ወንድሜን ሬጂን ባሕር ከወሰደው ዓመት ሊሞላው ነበር። ጀልባዋ ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

እናቴ ላቪና ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሕሩ ዳር አልጠፋችም። ምግብ ሲቀርብላት ትገፋዋለች። የሙት ዓመቱን እንደግስ ስንላት መልሷ አንድ ነው።

"ያልቀበርኩትን ልጅ አላለቅስለትም።"

እየመነመነች ነበር። ሁለተኛ ቀብር እየመጣብን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

በመጨረሻ አጎቴ መላ አመጣ።

"ሳጥን እሠራለታለሁ" አላት እህቱን። "ልብሱን አጣጥፈሽ ትከቺበታለሽ። ሳጥኑን እንቀብራለን።"

ዓይኗን ከባሕሩ ሳታነሳ "እሺ" አለች።

የእኛ ሳጥን ከአራት ጣውላ የሚገጣጠም አይደለም። አንድ የዝግባ ጣውላ ነው። ማዕዘን የሚሆንበት ቦታ ይቦረቦራል፤ በጋለ ድንጋይና በውሃ እንፋሎት ይታጠናል፤ ሲለሰልስ ይታጠፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው በእንጨት ችንካር ይያያዛሉ። ድሮ አባቶቻችን ሙታናቸውን የሚያስቀምጡት በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ነበር... ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው።

ይህ ግን ለልብስ ነው። አጎቴ እየሠራ ደጋግሞ "ለልብስ ነው" ይል ነበር። ለማን እንደሚናገር አላውቅም።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው ጣውላውን ስናጥን ነው።

ውሃውን ከወንዝ የቀዳሁት እኔ ራሴ ነኝ። እንፋሎቱ ግን የባሕር ሽታ ሸተተኝ።

"አጎቴ... ይሸትሃል?"

"እጠፊ። አታውሪ።"

ማዕዘን ማጠፍ ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለታችንም ተጋግዘን፣ በጉልበታችን ተጭነን ነው። ሁለቱን ማዕዘን እንደዚያ አጠፍን። ለሦስተኛው ገና ስንዘጋጅ...

ጣውላው በራሱ ታጠፈ።

ቀስ ብሎ። ሰው ጉልበቱን ወደ ራሱ እንደሚሰበስብ።

አጎቴ እጁን አነሳ። ከዚያ ሊስቅ ሞከረ።

"ጥሩ እንጨት ነው" አለ።

በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ነው። ጥሩ እንጨት እንዲህ እንደማያደርግ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።

ወለሉን ገጠምን። ክዳኑም ልክክ አለ።

ሬጂ ቢኖር ይቀልድ ነበር። ከቁመቱ የተነሳ በዚያ ሥራ ቤት በር ገብቶ ጉበኑ ግንባሩን ሳይመታው ቀርቶ አያውቅም። እማ ሁልጊዜ ከኋላው "ራስህን ዝቅ አድርግ፣ አንተ ረዥም!" እያለች ትጮኽበታለች። እሱ ግንባሩን እያሻሸ "ቤቱን ከፍ አድርጉት" ይላታል።

በማግስቱ ሳጥኑ የሚፈተንበት ቀን ነበር። የአጎቴ ሕግ ነው፤ ከእጁ የሚወጣ ሳጥን ሁሉ ውሃ ይሞላበታል። ካፈሰሰ ይፈርሳል።

"ለልብስ ምን ውሃ ያስፈልገዋል?" አልኩት።

"የሚያፈስ ሳጥን ለሬጂ? አፍሪ እንጂ!"

ለሬጂ ነው ያለው... ለልብሱ አላለም።

የወንዝ ውሃ እስከ ግማሹ ሞላሁበት። አጎቴ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመረ። በሩን ዘግተን ምሳ ሄድን። የደረቀ ዓሣችንን በዓሣ ዘይት እያጠቀስን በላን። እማ አጠገባችን ተቀምጣ የሬጂን ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። አልቀመሰችም።

ተመልሰን በሩን ስንከፍት መሬቱ ረጥቧል።

"አፈሰሰ" አልኩ። የአጎቴ ፊት ጠቆረ።

ግን አላፈሰሰም። ውሃው የሚወርደው ከላይ ነው... ከአፉ ሞልቶ።

የከሰሉ መስመር ከውሃው ሥር ሰጥሟል። እያየነው ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ በአፉ ፈሰሰ። ደግሞ ትንሽ።

ሰው ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ውሃው ምን ያደርጋል? እንደዚያ ነው።

አጎንብሼ ውስጡን አየሁ። ውሃ ብቻ ነው። የሳጥኑ ወለል ግን አይታይም።

አጎቴ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

"ጨው..." አለ በሹክሹክታ።

"እንድፋው፣ አጎቴ። እባክህ እንድፋው።"

ሁለታችንም በአንድ ወገን ገፋነው። ንቅንቅ አላለም።

"እንዳትደፉት።"

እማ በሩ ላይ ቆማለች። ልብሱን አልያዘችም።

"ላቪና..." አለ አጎቴ በለሆሳስ። "ልብሱን አምጪና..."

"ልብሱ ምን ያደርግለታል? ክዳኑን ግጠሙ።"

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ፈራሁ። ግን እናቴን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ክዳኑን አንስተን አስቀመጥነው።

አልገጠመም።

ትናንት ልክክ ያለው ክዳን በአንድ ወገን ብድግ ብሎ ቀረ። አጎቴ ተጫነው። እኔም ተጫንኩ።

ከሥር የሆነ ነገር ይገፋናል። ጠንካራ ነው... ክብ ነው።

"ለክቼ ነበር" ይላል አጎቴ፣ ላብ በፊቱ እየወረደ። "እኮ ለክቼ ነበር..."

እማ መጥታ በእጇ ገለል አደረገችን። መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳርፋ ጎንበስ አለች። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ፤ ያንን ቁጣም ፍቅርም ያለበትን ድምፅ።

"ራስህን ዝቅ አድርግ፣ አንተ ረዥም።"

ክዳኑ ቀስ ብሎ ወረደ... ገጠመ።

እማ ቀና ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ራበኝ" አለች።