ለአስር ዓመት የሚሆን ካርድ

«አስር ዓመት!» አለ ጠበቃው፣ ካርቶኑን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ። «አስር ዓመት ሙሉ የኮምፒውተርሽን ክዳን መክፈት አያስፈልግሽም። ገጥመሽው፣ ረስተሽው፣ መጫወት ብቻ ነው።»

ክብሪት ካርቶኑን አየችው። ላዩ ላይ እሳት የሚተፋ አውሬ ተስሏል። ውስጡ ያለው፣ የጌሙን ምስል ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ፣ ከጡብ አያንስም፤ ሦስት ማራገቢያ ተደርድሮበታል። ዋጋው ደግሞ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ከእናቷ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስትተክል፣ ክር ስትለቅምና ስትተኩስ ከርማ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ሙሉው። ገንዘቡ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

ክብሪት ስሟ አይደለም። ቶሎ ስለምትቆጣ የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ነው። ጠበቃውም ጠበቃ አይደለም፤ እንደ እሷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ነገር ግን ክርክር ከጀመረ መምህራን እንኳ ደክሟቸው «እሺ፣ እንዳልከው ይሁን» ይሉታል። ሁለቱ ፊደል ከሚቆጥሩበት ጊዜ ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው።

«እኔ አስር ዓመት አልወጣኝም» አለ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ። «ዋስትናዬ አንድ ዓመት ነው።»

«ጋሼ፣ እሱ ወረቀቱ ላይ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጉልበቱ ነው» አለ ጠበቃው። «ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ካርድ ነው። ቪዲዮዎቹን አላዩም?»

ባለሱቁ ጠበቃውን ትቶ ወደ ክብሪት ዞረ። «የኔ እህት፣ ይሄ ካርድ ኤሌክትሪክ ይበላል። ለኮምፒውተርሽ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ነው?»

«ይበቃል» አለ ጠበቃው።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

ክብሪት አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው ሄደሽ እይና ነይ። ሱቅ እስክዘጋ አስቀምጥልሻለሁ። ሳይበቃ ቀርቶ የሆነ ነገር ቢቃጠል የምትሰድቢው እኔን ነው።»

መንገድ ላይ ጠበቃው ከእሷ ፊት ፊት እየሄደ ወደ ኋላ እየዞረ ተጨቃጨቀ። «ይበቃል አልኩሽ እኮ! አይቼዋለሁ!»

«መቼ?»

«ባለፈው እናንተ ቤት ስመጣ። አንቺ ዩኒፎርም ልታደርሺ ወጥተሽ ነበር። እናትሽ አስገቡኝ።»

«ኮምፒውተሬን ከፈትከው?»

«ኧረ! ከኋላ በኩል ብቻ ነው ያየሁት። ምን ችግር አለው? ደግሞ አሮጌውን ካርድሽን አታስቢበት። ከገዛሽ በኋላ እኔ እወስድልሻለሁ፤ ለምንም አይረባም። ቅዳሜ የጌም ግጥሚያ አለብን፣ አንቺ ደግሞ መሃል ላይ ድርቅ ትያለሽ። ቡድኑን ሙድ ማስያዣ አደረግሽው!»

ይሄኛው አመማት፤ እውነት ነበርና። ጨዋታው ሲጀመር ደህና ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ግን ስክሪኑ እንደ አሮጌ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ እሷ አንድ እርምጃ እስክትራመድ የተቃራኒው ቡድን ሦስት ጊዜ ይገድላታል። ሬዲዮ የሚሉት የቡድናቸው ልጅ፣ አፉ ስለማይዘጋ የወጣለት ስም ነው፣ ባለፈው «ክብሪቷ እርጥብ ናት» ብሎ ሁሉንም አስቋል። ያን ዕለት ነው ገንዘቧን ለመጨረስ የቆረጠችው።

ጠበቃው ጎረቤት ካለው ቤታቸው ቀረ፤ እሷ ቤት ስትደርስ እናቷ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራ ነበር። ክፍሉ አንድ ነው፤ ግማሹ የስፌት ሥራ፣ ግማሹ የክብሪት መኝታና ኮምፒውተር። በሰማያዊ ጨርቅ የተሞላ ነው፤ ወንበሩ ላይ ሰማያዊ፣ አልጋው ላይ ሰማያዊ።

«እማዬ፣ ካቻቢቴው የት ነው?»

«መሳቢያው ውስጥ፣ ከመቀሱ ሥር። ገዛሽው እንዴ?»

«ገና ነኝ። አንድ ነገር ማየት አለብኝ።»

እናቷ የያዘችውን ሱሪ አንጠልጥላ አሳየቻት። «እስቲ ይሄን እዪልኝ። አባትየው ‹ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል› አለኝ። ልጁ እኮ ይሄን ነው የሚያህለው፣ እዚህ ጋ! ዓመቱን ሙሉ እየጠቀለለ፣ እየረገጠው፣ እየወደቀ ሊማርበት ነው። ልኩ ሲሆንለት ደግሞ ጉልበቱ ነትቦ ያልቃል።»

«ታዲያ አትነግሪውም?»

«ነገርኩት! ‹አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ› አለኝ።» እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ የተነከሰበት ነበር። ክብሪት ቁጣዋን ከማን እንደወረሰች ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይሄን ሳቅ መስማት ይበቃዋል።

ክብሪት ኮምፒውተሩን ነቅላ ከጠረጴዛው ሥር ጎተተችው። ካቻቢቴው አላስፈለጋትም። ብሎኖቹ ላልተው ነበር፤ በጣቷ ስትነካቸው ዞሩ። የጎኑን ክዳን ሳበችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ውስጡ ሰማያዊ ነበር። የጨርቁ ብናኝ በየጥጉ ተጋግሮ፣ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ ተቀምጧል። ማራገቢያዎቹ በመሃላቸው ብርሃን አያሳልፉም። ግራፊክስ ካርዱማ ካርድ አይመስልም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ነገር ይመስላል። ይሄን ለብሶ እንዴት አይታፈን? እንዴት አይግል? ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ቀስ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ላይ ነበር። የእናቷን ስፌት መኪና በየምሽቱ የምታጸዳው እሷ ናት። መርፌው ሥር ያለውን ብረት አንስታ፣ በትንሿ ብሩሽ ብናኙን ጠርጋ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ ትመልሰዋለች። ሳታጸዳ ካደረች መኪናው በማግስቱ ክር ይበጥሳል። ይሄን ሁሉ እያወቀች፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያንኑ አየር የሚስበውን ኮምፒውተር አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም።

ከዚያ መስመሩን አየችው።

ካርዱ ጎን ላይ፣ በብናኙ መሃል፣ የአንድ ጣት ስፋት ያለው ንጹሕ መስመር ነበር። የሆነ ሰው በጣቱ ብናኙን ገፍቶ የካርዱን ስምና ቁጥር አንብቧል። እሱን ብቻ። ሌላውን እንዳለ ትቶ ክዳኑን መልሷል፣ ብሎኖቹንም በወጉ ሳያጠብቅ።

«ከኋላ በኩል ብቻ ነው ያየሁት።»

ጆሮዋ ጋለ። ብሩሿን ከመሳቢያው አወጣች። ስትጠርግ ብናኙ በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። እናቷ አንገቷን አስግጋ አየችና «ውይ! ትራስ ይወጣዋል እኮ!» አለች። ክብሪት አልሳቀችም። ጠርጋ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን ሰክታ ጨዋታውን ከፈተች። ጠበቀች። የሚንገጫገጭበት ሰዓት አለፈ። አሁንም ጠበቀች። ውሃው ላይ የሰማዩ ነጸብራቅ አይታይም፣ ሣሩም አንድ በአንድ አይወዛወዝም፤ ለዚያ በእርግጥ ትልቅ ካርድ ያስፈልጋል። እሷ ግን ስትሮጥ ትሮጣለች፣ ስትተኩስ ትተኩሳለች።

በሩ ተንኳኳ። ጠበቃው ነበር። «እሺ፣ ፓወሩ በቃ አይደል? እንሂድ፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው።»

«ውጣ» አለች ክብሪት፣ ገና ሳይገባ። ተከትላው ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ እናቷ እንድትሰማ አልፈለገችም። «ከፍተኸው ነበር።»

«ምኑን?»

«ምኑን አትበለኝ! ጣትህ ካርዱ ላይ አለ። ብናኙን አይተሃል። ማጽዳት ብቻ እንደሚበቃ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። አውቀህ፣ አፍህን ዘግተህ፣ የላቤን ገንዘብ ሁሉ አስወጥተህ ልታስገዛኝ ሱቅ ድረስ ጎትተህ ወሰድከኝ!»

ጠበቃው እንደ ልማዱ ክርክር ጀመረ። «ስሚኝ፤ ብናኙን አለመናገሬ ልክ አይደለም። እሺ። ካርዱ ግን ልክ ነው። የሚመጡት ጌሞች በሙሉ ከባድ ናቸው። ያንቺ ይሄን ዓመት ቢችል የሚቀጥለውን አይችልም። እኔ ለወደፊትሽ...»

«የሚመጡትን ጌሞች አይተሃቸዋል? ማን አያቸው? የሚሠሯቸው ሰዎች ራሳቸው ገና አላዩዋቸውም! ዛሬ ‹አስር ዓመት› ብለው ከሸጡልህ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት ‹ያ እኮ አሮጌ ነው› የሚሉህ ራሳቸው ናቸው። በሁለቱም ጊዜ አጨብጭበህ ትከፍላለህ። ይሄ ‹ያድግበታል› ተብሎ የሚሰፋ ሱሪ ነው! ዛሬ ያደናቅፈኛል፣ ልኬ ሲሆን ያረጃል። እኔ ገና ላልተወለደ ጌም ስል አይደለም ጣቴን በመርፌ ስወጋ የከረምኩት!»

«እሺ፣ አትጩሂ...»

«እጮሃለሁ! አሮጌውን ለምን ፈለግከው? ‹ለምንም አይረባም› ያልከውን?»

ጠበቃው ግድግዳውን ተደገፈ። ጫማውን እያየ ተናገረ። «የእኔ ተቃጥሏል። ካርዴ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።»

«‹እያጠናሁ ነው› ስትለን የከረምከው ለዚህ ነው?»

«አባቴን ብጠይቀው ይኼኔ ኮምፒውተሩንም አውጥቶ ይሸጠዋል። ሰበብ ነው የሚፈልገው። አንቺ አዲስ ብትገዢ የድሮው ይተርፋል ብዬ... ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።»

«እኔስ? እኔ ማንም ነኝ?»

«ብለምንሽ ትሰጪኝ ነበር?» አለ፣ አሁን ቀና ብሎ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «በግልጽ ብለምንሽ፣ ያለሽን አንድ ካርድ ትሰጪኝ ነበር?»

ክብሪት መልስ ፈለገች። ያገኘችው አንድ ብቻ ነው፤ አትሰጠውም ነበር። ማንስ ይሰጣል? ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ በዋሸ ሰው ፊት እሷ ጥፋተኛ መስላ መቆሟ።

«አልሰጥህም ነበር» አለች። «ግን አብሬህ አስብ ነበር። አሁን ሂድልኝ።»

«ክብሪት...»

«ሂድ አልኩህ።»

ሄደ። ሌላ ጊዜ ጥግ ላይ ሲደርስ ዞሮ ያያታል፤ ዛሬ አላያትም።

ክብሪት ወደ ባለሱቁ ደወለች። «ጋሼ፣ ካርዱን ያቆዩላት ልጅ ነኝ። ለሌላ ሰው ይሽጡት።»

«ፓወሩ አልበቃም?»

«ሳላየው ቀረሁ። አልፈለግኩትም።»

«ደግ አደረግሽ። እንዲያውም ትንሽ ብትታገሺ የዚህ ተተኪ እየመጣ ነው ይላሉ። ያኔ ይሄኛው ይረክሳል።»

ስልኩን ስትዘጋ ካርቶኑ ላይ ያለውን አውሬ አስባ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ቦርሳዋን ለእናቷ ሰጥታ «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፊልኝ» አለቻት። እናቷ ፊቷን አየች፣ ከዚያ በሩን አየች፣ ቁልፉንም አነሳች።

ራት ሳይቀርብ የቡድኑ የስልክ መልእክት መለዋወጫ ላይ ሬዲዮ መለፍለፍ ጀመረ።

«ጠበቃው የት ነው? ዛሬም ጥናት ነው እንዳትሉኝ፤ መጽሐፉን ሊበላው ነው እንዴ? ክብሪት፣ ጎረቤትሽ አይደል? ተናገሪ!»

ክብሪት መጻፍ ጀመረች። ሁሉንም ጻፈችው፤ ብናኙን፣ የጣቱን መስመር፣ ሱቁን፣ «ለምንም አይረባም» ያለውን። ቃላቱ ከጣቷ በላይ ይፈጥኑ ነበር። ይሄን ካነበቡ በኋላ ጠበቃው ቡድኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ክፍል ውስጥም አንገቱን ቀና አያደርግም። ሬዲዮ ይሄን ከያዘ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ይገባዋል። አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ሁሉም የሆነ ነው።

ጣቷን ወደ መላኪያው ስታስጠጋ ጠበቃው ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ሲያይ ታያት። እናቷ ከኋላዋ ሰፊውን ሱሪ እየሰፋች ታጉረመርም ነበር።

የጻፈችውን በሙሉ አጠፋችው። አልቀዘቀዘችም፤ ነገ ብታገኘው ሰላም እንደማትለው ታውቃለች፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በሌላ ቃል ጻፈች፦

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። ቅዳሜ አይጫወትም።»

«ውይ! ታዲያ ሰው እናጣለን» አለ ሬዲዮ። «የአክስቴ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው። በእሱ ቦታ ላስገባው? እስከ መጨረሻው ማለቴ ነው።»

«ለቅዳሜ አስገባው። ቦታው ግን የጠበቃው ነው።»

«እስከ መቼ እንጠብቀዋለን?»

ክብሪት ጥያቄውን ደጋግማ አነበበችው። 

«እኔ እንጃ» ብላ ጻፈች። «ይቆይ።»