በጥጃው ጎጆ ያደገው

የውብዳር ጠዋት ጠዋት የምትሠራው አንድ ዓይነት ነው። ትነሣለች፣ ዶሮዎቹን ትለቃለች፣ ከዚያ ማሳውን ዳር ዳሩን ይዛ እስከ ጫካው ትሄድና የዱር አሳማ የረመረመውን በቆሎ እያየች ስትራገም ስትራገም በጉድጓዱ በኩል ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባሏ አድማሱ የሞተበት ጉድጓድ ነው። ይደፈናል ይደፈናል እየተባለ አርባው ወጣ፣ ሹል ሹል እንጨቱ ብቻ ተነቅሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

በዚያ አገር አሳማ የሚጠመደው እንዲህ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ይቆፈራል፣ ከታች ሹል እንጨት ይተከላል፣ ላዩ በቅጠልና በአፈር ይሸፈናል። ግን ሕግ አለው። የቆፈረ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ "እዚህ ቦታ ቆፍሬአለሁ፣ ሰምታችኋል" ብሎ ሦስት ጊዜ ይለፍፋል። የአድማሱ ታናሽ ወንድም ምንይችል ቆፈረ፣ አልለፈፈም። "ረሳሁት" አለ። እንዴት ያለ መርሳት ነው! ሽማግሌዎቹም "ልጁ ረስቶት ነው" አሉና የውብዳርን መስቀል ፊት አቁመው የገዳዩን ጉንጭ አሳሟት። "ይቅር ለእግዜር" አለች። ሌላ ምን ትበል? ሙት ዓመቱ ሲወጣ ደግሞ በወጉ መሠረት ለዋርሳዋ፣ ለዚያው ለምንይችል ትዳራለች፤ መሬቱም አብሯት ይሄዳል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? የእሷም ይቅርታ እንደዚያው ነበር። ከሙት ዓመቱ በፊት የአድማሱን ደም ካልመለሰች ከገዳዩ ጋር ባንድ አልጋ ልታድር ነው።

አርባው በወጣ በሦስተኛው ቀን የምንይችልን ጋቢ ልታጥብ ወደ ወንዝ ስትወርድ (ከወዲሁ ልብሱን ይልክባት ጀምሮ ነበር) ከጉድጓዱ ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ ሰማች። አጎንብሳ አየች። ድመት የሚያክል፣ ጀርባው ላይ ዝንጉርጉር መስመር ያለበት ወንድ የአሳማ ግልገል ባሏ በወደቀበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። አይጮኽም። አይሸሽም። ወደ ላይ ብቻ ያያታል። የውብዳር ድንጋይ አነሣች፤ እንዲያው ለበቆሎዋ ስትል ልትፈጠፍጠው ነበር። ከዚያ ድንጋዩ እጇ ላይ እንዳለ አንድ ሐሳብ መጣላትና ሙቅ ውሃ እንደጠጣ ሰው ደረቷን ሞቅ አላት።

አባቷ ውሻ የሚያሠለጥኑት እንዲህ ነበር። ቡችላውን በሌባ ቡትቶ ጠቅልለው ያስገርፉታል፤ ያደገ ዕለት ያ ሽታ ያለበት ሰው በደጃቸው አያልፍም። ውሻ ግን ሰው ያውቀዋል፣ ባለቤቱ ይጠየቃል። የዱር አሳማን ማን ይከሳል? አሳማ ዘነጠለው ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል። የጉድጓዱን አፍ በእግሯ እየናደች ወረደችና ርኩሱን እንስሳ በእጇ ላለመንካት በምንይችል ጋቢ ጠቅልላ አወጣችው። ምንይችል ሲጠይቃት "ውሃ ወሰደብኝ" አለችው። "አይ አንቺ!" ብሎ ሳቀና ሌላ ጋቢ ለበሰ።

ጎረቤት አሳማ ማሳደጓን ቢሰማ እሳት የሚጭርላት፣ እጇን ሳይጸየፍ ሰላም የሚላት አይኖርም፤ ስለዚህ ከጓሮ ባለችው፣ አድማሱ ዙሪያዋን በወፍራም አጣና ባጠራት የጥጃ ጎጆ ውስጥ ዘጋችበት። መጀመሪያ አካባቢ አንጀቷን ይበላት ነበር። በቅል ወተት ስትሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል፣ ጭራው ትንቀጠቀጣለች፣ ከጠገበ በኋላ ጋቢው ላይ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ጠዋት ግን ጋቢውን ከላዩ ላይ ጣል ታደርግበትና የወይራ ዱላዋን ታነሣለች። "ምንይችል ነው የሚመታህ" ትለዋለች በእያንዳንዱ ምት። "ምንይችል ነው። ሽታውን ያዝ።" መትታ ስትጨርስ ጋቢውን እዚያው ትታለት ትወጣለች፣ ቀን ከሌት እያሸተተ እንዲጠላው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይላት ነበር፤ አይጮኽም። አሳማ እኮ ገና ሲይዙት አገር የሚያነቃ ፍጥረት ነው። ይኼኛው ግን ከጋቢው ሥር የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ ዱላው ሲያርፍም አይፈጥን፣ ሲያቆምም አይዘገይ። እሷ ናት ደክሟት የምታለከልከው።

ክረምቱ ሲገባ ያለ ዕድሜው አደገ። የጀርባው መስመር ጠፋ፣ ጠጉሩ ጠቆረ፣ ከጎጆዋ የሚወጣው ሽታ ደግሞ የአሳማ መሆኑ ቀርቶ ገና የተቆፈረ እርጥብ አፈር፣ የዛገ ብረትና የቆየ ደም የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብሎ ምግብ የሚከለክል ሽታ ሆነ። ዶሮዎቹ በዚያ በኩል መጫር ተዉ። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ያለው ጭቃ ላይ የብዙ አሳማዎች ኮቴ ታገኛለች፤ በቆሎው ግን አልተነካም። ከጫካ መጥተው፣ አጥሩን ከበው፣ ቆመው፣ ሄደዋል። የቆሙበት ቦታ ኮቴው ጠልቋል። ምን ሲያደርጉ ቆዩ? የውብዳር ሆድ ይፍጀው ብላ በመጥረጊያ ጠረገችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በግድግዳው ቀዳዳ አጮልቃ ልታየው ዓይኗን ስታስጠጋ ጨለማ ብቻ ሆነባት። ቆይታ ዓይኗን እስክታለማምድ ጠበቀች። ጨለማው እርግብ ብሎ ተከደነና ተከፈተ፤ እሱም ከዚያ በኩል ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ ኖሯል። ወደ ኋላ ስትል ቅሉ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። በማግሥቱ ደግሞ ማታ ቤቷ በር ሥር አስደግፋ የተወችውን የወይራ ዱላ ጎጆው ውስጥ፣ ደፉ ላይ፣ መያዣው ወደ እሷ ዞሮ ተጋድሞ አገኘችው። የጎጆው መወርወሪያ እንደተዘጋ ነው።

ያን ዕለት ነው አባቷ ቡችላዎቹን ራሳቸው መትተው እንደማያውቁ ትዝ ያላት። ዱላውን የሚያስይዙት ለባዳ ነበር፤ እሳቸው ምግብ ብቻ ነበር የሚሰጡት። "ታዲያ እኔ ማንን ልጥራ?" አለች ጮክ ብላ፣ ሰው የከሰሳት ይመስል። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ መቼ ረሳሁ? አንተም አትረሳም።" ከውስጥ ትንፋሹ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ዱላውን አንሥታ እንደወትሮው መታችው፤ ያን ቀን ከወትሮው አብዝታ መታችው።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ቀትር ላይ ምንይችል ድግሱን ሊያይ መጣ። ፀሐዩ ድርቅ ብሏል፣ ንፋስ የለም፣ ጫካው ውስጥ እንኳ ወፍ አይሰማም። ጋቢውን እንደተከናነበ ጠላውን ጠጥቶ አፉን ጠረገ።

"ምንይችል" አለችው፣ "የጥጃው ጎጆ ምሰሶ ጋደል ብሏል። የነገ ዕቃ ላስገባበት ነበር፣ እስቲ እይልኝ።"

"አይልሻለሁ እንጂ! ቤቴም አይደል?"

"ቤትህ ነው" አለች። ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው።

አስቀድማ አስገባችውና የአጥሩን መዝጊያ ከኋላዋ ገጠመችው፣ መሸሻ እንዳይኖረው። ዱላዋን በቀኝ እጇ ይዛለች፤ ከልማድ ነው እንጂ ዛሬ አያስፈልጋትም ነበር። በግራዋ የጎጆዋን መወርወሪያ ሳበች። ሽታው መጀመሪያ ወጣ። ምንይችል አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ያዘ። ከዚያ ጨለማው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ተነሣ፣ ጭድ ተንኮሻኮሸ፣ ረጅሙ ግንባር፣ የጠቆረው ጀርባ፣ ከከንፈሩ ውጭ የዞረው ጥርስ ተራ በተራ ወደ ፀሐይ ወጣ። ወገቧ ድረስ ይደርሳል። ምንይችል "በስመአብ" አለ።

"ያዘው!" አለች የውብዳር። አሥር ወር ጉሮሮዋ ላይ የቆየ ቃል ነበር፤ ሲወጣ ደስ አላት፣ እንባዋም መጣ። "ያዘው! የአድማሱን ደም!"

አሳማው በቀስታ ተራምዶ ምንይችል እግር ሥር ደረሰ። የጋቢውን ጠርዝ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ አፍንጫውን እጥፋቱ ውስጥ ቀበረና ዓይኑን ጨፈነ። ገላው ሁሉ ፈታ አለ። በብርዱም በዝናቡም፣ ከዱላው በኋላም፣ አሥር ወር ሙሉ ያሞቀው ይኼ ሽታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ምንይችል እጁን ሰደደና የአሳማውን ጀርባ ነካው። አልነከሰውም።

"ያዘው" አለች እንደገና፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ዓይኑን ገለጠ። ወደ ፊቷ አላየም፤ ዱላዋን ወደያዘው እጅ አየ። የውብዳር ዱላውን ጣለችው። ዱላው ወድቆም ዓይኑ ከእጇ ላይ አልተነሣም። ከአጥሩ ውጭ፣ በሦስት በኩል፣ ሌላ ትንፋሽ ተሰማት፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ በአጣናው ክፍተትም እርጥብ አፍንጫዎች ብቅ ብቅ አሉ። ምንይችል የኋሊት፣ ኮቴ ሳያሰማ፣ መዝጊያው ጋ ደረሰ፤ ወጣ፤ መልሶ ገጠመው፤ መቀርቀሪያው ከውጭ ሲገባ ሰማች። አፍንጫዎቹ ለእሱ ገለል ብለውለት ነበር።

"ምንይችል! ክፈትልኝ! በወንድምህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ክፈትልኝ!"

 አሳማው አንድ እርምጃ መጣ፣ አላጓራም፣ አልቸኮለም፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ፤ የውብዳርም ጀርባዋ ከአጣናው ጋር እስኪጋጠም ሸሸችና ባላት አቅም ሁሉ እሪ አለች፣ ደጋግማ፣ ቃል እስኪጠፋት። ከታች ከመንገዱ ላይ አያ ተገኘ፣ ካስታረቋት ሽማግሌዎች አንዱ፣ "ኧረ ምንድነው እንዲህ የሚጮኸው?" ብለው ሲጣሩ ሰማች፤ ምንይችልም ከአጥሩ ማዶ ድምፁን ለስለስ አድርጎ "ምንም አይደል አያ፣ አሳማ ነው፣ ይለፉ" ሲላቸው ሰማች።