የተቀቀለው ሰንደቅ

ቆርዝን የገደለው አውሬው ሳይሆን ጠያቂ ነው።

የዛምራ ሰዎች ይህን መስማት አይፈልጉም። በአገሩ ልማድ የቆሰለ ጀግናን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ መዳፉን ቁስሉ ላይ አሳርፎ «ደምህ ደሜ ነው!» ብሎ ይምላል፤ ሳይምል የተመለሰ እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል። ቆርዝ ደግሞ ተወዳጅ ሰው ነበር። በሁለት ቀን ሦስት መቶ ሰው ማለለት፤ በሦስተኛው ሞተ።

ሲሄራ፣ ታላቅ ወንድሟ ላምዳንና ጓደኛቸው ቆርዝ አገሩን ሦስት ዓመት ያቃጠለውን ባለ ክንፍ አውሬ፣ ግርሙትን፣ ፍለጋ እስከ ጨው ተራሮች ዘምተው ገድለውታል። ሁለቱን ወንዶች ግን በጥፍሩ ዘነጠላቸው። የግርሙት ጥፍር የነካው ቁስል ያበራል፤ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ሰማያዊ፣ ሲመረቅዝ ጥቁር። ሲሄራ በመልሱ ጉዞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በፈላ የጨው ውሃ እያጠበች የሁለቱንም ቁስል ሰማያዊ አድርጋ አገር አድርሳለች። የቆርዝ የጠቆረው እናቱ ቤት፣ ከመሐላው በኋላ ነው።

አሁን የቀረው ላምዳን ነው፤ ጠያቂው ገና ወደ እሱ አልዞረም።

«አንተን አልሰጣቸውም» አለችው።

«ለማን?»

«ለወዳጆችህ።»

ፍየሎቹን ከጓዳው አስወጣች። አቧራ እንዳይነሳ ውሃ እያርከፈከፈች ወለሉን ጠረገች፤ ጠረጴዛውን በእንዶድ ፈተገች፤ ጥፍሯን ቆርጣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ለቆሸሸ ፋሻ ክዳን ያለው ማሰሮ ለየች። የጎደለው ፋሻው ራሱ ነበር። ግርሙት የጥጥ እርሻውን ሁሉ ስላቃጠለው ዛምራ ቆዳ ለባሽ ሆናለች፤ ቆዳ ደግሞ ተቀቅሎ ፋሻ አይሆንም። በአገሩ የቀረው ጥጥ ሰባት ነገሥታት የተዋጉበት፣ ለዘመቻው ንጉሡ በእጁ ያስረከባት ነጭ ሰንደቅ ብቻ ነው። እሱን የቀደደ ከአገር ይሰደዳል።

ሲሄራ ቀደደችው። ቀቀለችው። ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝም በል» አለች ወደ አልጋው ዞራ።

«ምን ተናገርኩ?»

«ልትናገር ነበር።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ንጉሥ ዖምራድ ከአርባ ጦረኞች ጋር መጣ። ሲሄራ ሰይፏን መዝዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። አጠገቧ ለብ ያለ ውሃና እንዶድ አስቀምጣለች።

«ጃንሆይ ሊምሉ ነው፤ ዞር በይ!» አለ አጋፋሪው።

«ከደጃፉ ይማሉ። መግባት ካሻቸው ይታጠቡ። ቁስሉን ግን ማንም አይነካም።»

«የንጉሥ እጅ ይቆሽሻል እንዴ?»

«የፈረስ ላብ ንጉሥ አያውቅም።»

ከጦረኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመስሎ ዋጠው። ንጉሡ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ በላምዳን ጭን የታሰረውን ነጭ ጨርቅ ያይ ነበር።

«ያ ምንድን ነው?»

«ሰንደቁ ነው።»

አርባው ሰው ባንድ ድምፅ አጉረመረመ።

«ሕጉን ታውቂያለሽ» አለ ንጉሡ።

«አውቃለሁ። እናንተም ይህን እወቁ! ግርሙትን እኛ ገደልነው፤ ቆርዝን ግን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እየማላችሁ፣ እያለቀሳችሁ፣ ባልታጠበ እጅ። ለጨርቅ ያጉረመረማችሁትን ለሰው አላጉረመረማችሁም። ስደቱን እቀበላለሁ። ቁስሉ ሳይዘጋ ከዚህ ደጃፍ የሚያስነሳኝ ካለ ግን ይምጣ!»

የመጣ የለም። ላምዳን ከውስጥ፣ «እኔም አልመክርም» አለ።

ንጉሡ ከፈረሱ ወረደ። እጅጌውን ሰበሰበና ታጠበ፤ ሲሄራ ጥፍሩን አይታ «እንደገና» አለችው፤ እንደገና ታጠበ። ገብቶም ከአልጋው ሁለት ክንድ ርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ማለ። በዛምራ ታሪክ ቁስል ሳይነካ የማለ የመጀመሪያው ንጉሥ እሱ ነው። ሲወጣ ድምፁ ከባድ ነበር።

«ሕጉን ግን አልሽርልሽም። ቁስሉ የተዘጋ ቀን ትሄጃለሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግርሙት ያቆሰላቸው የሌሎች ሰዎች እናቶችና ሚስቶች ሊያዩ ይመጡ ጀመር። ሲሄራ እየተቆጣች አሳየቻቸው። በዚያ ሰፈር ሌላ ቁስል አልጠቆረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የላምዳን ቁስል ተዘጋ፤ ብርሃኑም ጠፋ። ሲሄራ ሰይፏን ታጠቀች።

«ንጉሡን እለምንልሻለሁ» አለ ላምዳን፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እንዳትለምን። ምሕረት ከተቀበልኩ ያጠፋሁ ይመስላቸዋል።»

«የት ትሄጃለሽ?»

«ገና አላውቅም። ሦስት ቁራጭ ፋሻ ተርፏል፤ ለሚቀጥለው ቁስለኛ ነው። ሳትታጠብ እንዳትነካው።»

ወጣችና በሩን ዘጋችው።