ከኋላ ይቀመጣሉ

ይህ የሆነ ነገር ነው። በራሴ ላይ የሆነ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም አይጨምርልኝም፣ አይቀንስብኝም። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ለመዋሸት እንኳ አቅም ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ሌሊት አልነበረም...

ቀን ነው። ልክ ስድስት ሰዓት። መስከረም 1964 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት። ጥላ ከእግር ሥር የሚገባበት፣ ውሻ እንኳ የማይጮኽበት የቆላ ቀትር።

እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ "ቀትር ላይ ደጅ አትቁሚ፤ ቀትርም የራሱ ሰው አለው" ትለኝ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ እስቅባት ነበር።

አሁን ይህን ለምን አነሳሁት? የልጅ ልጄ መኪና ልግዛ ብሎ ተነሳ። ሁለት ወር ሙሉ በስልኩ ሥዕል እያሳየ አድክሞኛል። ፈጣን ትሁን፣ ወንበሯ ቆዳ ይሁን፣ በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም አትሁን ይላል። ከዚያ "አዲስ ይሻላል ያገለገለ?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ "አዲስ ግዛ" እላለሁ። ለምን ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባተኛ ወሯ። ፊት ለፊት ልነግረው አልቻልኩም። በደብተር ጽፌ ለዚህ ቻናል ያስላክሁት ለዚያ ነው።

ባሌ ደምሴ ከወንድሙ ጋር በሮቢት ወንዝ ዳር ጥጥ ያለማ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ጥጥ ያበላ ነበር። መኪና የፈለግነው ግን ለመታየት አልነበረም።

ሁለት ልጆች ቀብረናል። ሁለቱንም የወሰደብን ወባ ነው፣ ሁለቱንም መስከረም ላይ። ሁለተኛውን በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስናወጣው፣ አቀበቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት፣ ሲያቃስት... እቅፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

የቀረችን ሐረገወይን ብቻ ነበረች። አራት ዓመቷ።

ስለዚህ ደምሴ አቀበት የማትፈራ መኪና ፈለገ። አዲስ አበባ ወጥቶ አንዲት አዲስ የጀርመን መኪና አየ። ሲመለስ ስለ ቆዳዋ ሽታ አውርቶ አልጠግብ አለ። ግን በመርከብ እስክትመጣ ሦስት ወር ጠብቅ ብለውታል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነን። ሦስት ወር መጠበቅ ማለት መስከረምን ያለ መኪና ማለፍ ማለት ነው።

ያገለገለችው ግን እዚሁ ነበረች።

የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሳልህ ነበር የሚሸጣት። የጣሊያን ሥሪት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር፣ ስትነሳ እንደ ፈረስ የምትስብ። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬም ያላቸው ሰዎች እንዳይቀየሙኝ። ወንበሯ ቀይ ቆዳ፣ የኋላ መስኮቶቿ ትንንሽ መጋረጃ አላቸው።

ደምሴ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሯ ላይ ሲያፈጥ፣ ሳልህ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ሽማግሌ ነው፣ ጨዋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ጌጤ፣ ለእርስዎ ልንገርዎት። ከኋላ ነው የሚቀመጡት። በቀኝ በኩል።"

"ይሁን" አልኩት። ፊት ለፊት ከባሌ ጎን ደንበኛ ወይም ወንድሙ ይቀመጣል፤ ለሴት ኋላው ደግ ነው ማለቱ መሰለኝ።

"ፀሐይ አይወዱም። መጋረጃዋን ዝቅ ማድረግ ነው።"

ጃንጥላዬን አይቶ ነው አልኩ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ እውነትም ፀሐይ አልወድም።

ከዚያ ሐረግን አያት። ቀሚሴን ይዛ ቆማለች።

"ልጅ ይወዳሉ" አለ ቀስ ብሎ።

"ልጅ የማይወድ ማን አለ፣ ጋሼ ሳልህ?" ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። "አይ እትዬ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል ደምሴ ጠራው። የጀመረውን ሳይጨርሰው ቀረ።

መኪናዋን ይዘን ገባን። እኔም እንደተባልኩት ከኋላ በቀኝ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው።

ማጀቴ ከተማ ገበያ ደርሰን ስንመለስ፣ ቀኑን ሙሉ እህል ስፈጭ የዋልኩ ያህል ጉልበቴ ይከዳኛል። ጭኔ ይደነዝዛል። ልክ ሰው ተቀምጦበት እንደቆየ...

ደምሴ ይቀልድብኝ ነበር። የዚህ የቀወት አገር ሴት እንጨት ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች፣ አንቺ ቆዳ ላይ ተንፈላሰሽ ይደክምሻል ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ። ማታ ግን እግሬን ማንሳት ያቅተኛል።

ሁለተኛው መጋረጃው ነው። ነፋስ እንዲገባልኝ የቀኙን መጋረጃ እሰበስባለሁ። ቀትር ሲሆን ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። እንደገና እሰበስባለሁ። እንደገና ዝቅ...

ሦስተኛው ሐረግ ናት።

ሐረግ ለማንም "አንቱ" ማለት አታውቅም ነበር። የንስሐ አባታችንን ሳይቀር "አንተ ቄስ፣ መስቀልህን አሳየኝ" ብላ አሳፍራኛለች። ብንመክር፣ ብንቆጣ፣ አልሆነም።

አንድ ቀትር መኪናዋ ከግራሩ ሥር ቆማለች። ሐረግ ከኋላ በግራ በኩል ቁጭ ብላ አገኘኋት። ላቡ ፊቷን አጥቦታል። ነይ ውጪ ስላት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

"ቀስ በይ... ተኝተዋል።"

የጨርቅ አሻንጉሊቶቿ መሰሉኝ።

"እነማን ናቸው የተኙት?"

ያልገባኝ መሆኑ ገረማት።

"እነማን አይደሉም" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንድ ናቸው።"

አንስቻት ወጣሁ። ሁለቱም አሻንጉሊቶቿ የቤታችን ደጃፍ ላይ ወድቀው ነበር...

ለደምሴ አልነገርኩትም። የልጅ ነገር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከሁለት ልጅ ቀብር በኋላ እያንዳንዱ ነገር እያስፈራኝ፣ እሱም ፍርሃቴ ሰልችቶት ነበር። እኔም ሰልችቶኝ ነበር።

መስከረም በገባ በሳምንቱ መኪናዋ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረች። መካኒኩ ስንታየሁ ሸክም የሚይዘው የቀኙ የኋላ ሞላ ደክሟል ብሎ በአዲስ ለወጠው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ አዘነበለች። ስንታየሁ ከሥሯ ተንፏቆ ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ደምሴን ሳያይ ጠየቀው።

"ጋሼ፣ ስትቆም ምን ጭናችሁባት ነው የምትውለው?"

ምንም አልጫንባትም ነበር።

ደምሴ ተናዶ ሳልህን ማጀቴ ገበያ ላይ ያዘው። ሲመለስ ንዴቱ የለም። ሳልህ ያለውን ነገረኝ። እሱም ሲገዛት እንዲሁ ነበረች፤ ምንም አልደበቀም፤ ወላሂ ብሎ ምሏል። "ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይሁን ብለዋል" ነው ያለው።

"ምንድን ነው የነገረሽ?" አለኝ ደምሴ።

ቃሉን ቃል በቃል ደገምኩለት። ከኋላ ነው የሚቀመጡት። በቀኝ በኩል። ፀሐይ አይወዱም...

አፌ ላይ ቆመ።

አማርኛችን እንዲህ ነው። ለከበሬታ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ላለውም ሰው "ይቀመጣሉ" ነው፤ ለሌለውም ሰው "ይቀመጣሉ" ነው።

ሳልህ ስለ እኔ አልነበረም የሚያወራው።

ያን ሁሉ ሳምንት የማንን ቦታ ይዤ እንደተቀመጥኩ... ያ ድካም፣ ያ የጭኔ መደንዘዝ...

የመጨረሻውን ለደምሴ አልጨረስኩለትም። ልጅ ይወዳሉ የሚለውን።

በማግስቱ ሐረግ አተኮሳት።

ጠዋት ብርድ ብርድ አላት። አራት ሰዓት ላይ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። አምስት ተኩል ላይ ዓይኗ ተገለበጠ። ደምሴ ቁልፉን አነሳ። ሁለታችንም ተያየን። በዚያች መኪና እንሂድ አላለም፣ አንሂድም አላልኩም። ሌላ መኪና የለም። ሌላ ልጅም የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ ወጣን።

እኔ በግራ በኩል ተቀመጥኩ። ሐረግን ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ አስተኛኋት፣ እግሯ ወደ ቀኝ። መኪናዋ መጀመሪያ በረረች። ሜዳውን፣ የማሽላውን ማሳ... አርማንያ ከተማን አለፍን። አቀበቱ ጀመረ።

ሐረግ ዓይኗን ሳትገልጥ አንሾካሾከች።

"እማዬ... እግሬን ልሰብስብ? ነውር ነው።"

"ዘርጊ እናቴ። ማንም የለም።"

ዘረጋች።

እግሯን አየሁ። ወንበሩን አልነካም። ከቀዩ ቆዳ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ... ተደግፎ አርፏል። ሰው ጭን ላይ እንደተጋደመ እግር።

አልጮህኩም። ደምሴ መሪ ይዟል፣ ከታች ገደል ነው።

መጋረጃው በራሱ ዝቅ አለ።

ያኔ ሞተሯ ጠፋ።

ደምሴ ቢያስነሳት እምቢ። ደጋግሞ ሞከረ፣ እምቢ። ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርጎ፣ ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎት የለም፣ የተበጠሰ ነገር የለም። በመንገዱ ላይ የሚያልፍ የለም። ፀሐዩ አናት ላይ ቆሟል። የሐረግ ትንፋሽ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ... ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ፍርሃት አልቆብኝ ነበር። ድካም ብቻ ነው የቀረኝ። ዞር ብዬ ባዶውን ወንበር አየሁት። ቆዳው መሐሉ ላይ ጎድጉዷል።

"አባቴ" አልኩ። "ማን እንደሆኑ አላውቅም። ቦታዎ ላይ የተቀመጥኩት ሳላውቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።"

የሐረግን ግንባር ዳበስኩ።

"ሁለት ቀብሬአለሁ። ደክሞኛል። ይቺን ያድርሱልኝ እንጂ... ዕድሜ ልክ ይቀመጡ።"

ሞላው ሲጥ አለ። ሰው ጎርበጥበጥ ሲለው ተመቻችቶ እንደሚቀመጠው...

ሞተሯ ተነሳች።

ደምሴ እጁ ኮፈኑ ውስጥ ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሮጦ ገብቶ መሪውን ያዘ። ደብረ ሲናን እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም። የጣርማ በር ዋሻ ጨለማ ውስጥ ገብተን ስንወጣ፣ የሐረግ ግንባር በላብ ርሶ ቀዝቅዞ ነበር። ደንግጬ ደረቷን ነካሁ። ትተነፍሳለች። ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ካያት በኋላ፣ ትኩሳት የላትም፤ ያተኮሳት የትኛዋ ናት ብሎ ተቆጣን።

በዓመቱ መኪናዋን ለሩቅ አገር ሰው ሸጥናት። አብረው ሄዱልኝ አልኩ። ሐረግ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። ያቺ ባለጌ ልጅ ከዚያ ወዲህ ለታላቆቿ ሁሉ "አንቱ" ነው የምትለው። ከእኔ በቀር። ዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው።

ጤነኛ ናት። ሁልጊዜ ይደክማታል እንጂ። ስትቀመጥ ጭኗን ታሻለች። ሐኪሞች ደም ማነስ ነው ይሏታል፣ ኪኒን ትውጣለች። እኔ ሳያት ዓይኔን እመልሳለሁ።

ዕድሜ ልክ አልኩ እንጂ... የማንን ዕድሜ እንደሆነ አልተናገርኩም ነበር።

የሐረግ ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ ምክሬን ሰማ። አዲስ ገዛ። ማንም ያልተቀመጠባት፣ ወንበሯ ገና ላስቲኩ ያልተገፈፈ። ትናንት ሊያሳየን ይዟት መጣ። ሚስቱ ሆዷን ይዛ ከፊት ተቀመጠች። እኔን በግራ በኩል ከኋላ አስገቡኝ። ደስ አለኝ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ትንፋሼን ለቀቅ አደረግሁ።

ሐረግ የቀኙን የኋላ በር ከፈተች።

አልገባችም።

አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በሩን እንደያዘች ገለል ብላ ቆመች። ሽማግሌ እንደሚያስቀድም ሰው።

"ይግቡ" አለች በሹክሹክታ።

እኔ ገብቻለሁ። ደግሞም ሐረግ እኔን "አንቺ" ነው የምትለኝ።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በእኔ በኩል ዞራ መጥታ፣ "እማዬ፣ እግርሽን ሰብስቢልኝ" አለችኝና በፊቴ አልፋ ከመሐል ተቀመጠች። ጭኗን ማሸት ጀመረች።

ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሰዓት።

ከእሷ ወዲያ፣ ማንም በሌለበት በቀኙ ወንበር ላይ... ላስቲኩ ኮሽ አለ። ቀስ እያለ፣ ከመሐሉ ጎደጎደ።

ከፊት የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

"እማማ" አለችኝ እየሳቀች፣ "ልጁ ዞረ መሰለኝ። ወደ ኋላ።"