ዘጠኝ ቀሚስ በአርባ ሦስት ደቂቃ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቿ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ቆማለች። እጅጌው መሬት የሚደርስ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ በሱቋ መካከል አንገቷን ደፍታ ታንቀላፋለች። ሁለት ገበያተኞች እየዞሯት የተሰቀሉትን ካባዎች ያያሉ። አንደኛው ካባ ክንፍ አለው። የሱቁ ባለቤት መሞቷን የነገራቸው የለም።

ሟቿን ሰው ሁሉ መርፌ ነበር የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ሳንባዋ ሲደክም የስፌት መኪናዋን ሸጣ አልጋ ላይ ዋለች፤ የኦክስጅን ማሽኑ ቱቦ ቀን ከሌት ከአፍንጫዋ አይለይም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰፋችው ለማይዳሰስ ገላ ነው። ሰዎች በኮምፒውተር የሚገቡበት፣ ሰፈርና አደባባይ ያለው ምናባዊ ዓለም አለ፤ እዚያ እያንዳንዱ ሰው አቫታር የሚሉት፣ እሱን ሆኖ የሚራመድለት ምስል አለው። ምስሉ ደግሞ ልብስ ያምረዋል። መርፌ ለእነዚህ ምስሎች የድሮ ቤተ መንግሥት ቀሚስና የተረት ካባ እየሰፋች ትሸጥ ነበር። ራሷ ያጣችውን ቁመና ለአቫታሯ ሰጥታታለች፤ ቀጥ ያለች፣ አንገተ ረጅም ሴት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ ሌላው ሰው ጨረስን ባለ ቁጥር እሷ ቆይ እስቲ ስለምትል። ያን ቀንም ሌሎቹ የጨረሱ መስሏቸው ነበር። የማሽኑ ሶኬት ተነቅሎ ኮሪደሩ ላይ ወድቋል፤ ማሽኑም ተዘግቷል። ሐኪሙ መርፌ በእንቅልፏ አየር አጥሯት መሞቷን ተናገረ፤ ሰዓቱን ግን ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ተኩል ባለው ውስጥ ነው ከማለት አላለፈም። ሰዓቱን የቆረጠው የሱቁ መዝገብ ነው። ምናባዊው ሱቅ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ምን እንደለበሰ ከነደቂቃው ራሱ ይመዘግባል። የመርፌ አቫታር ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት እስከ ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት ድረስ ዘጠኝ ቀሚስ ለዋውጣለች። ገበያተኞችም አይተዋታል። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበረች ማለት ነው።

ቤተሰቡ እታለም የሚላት ታላቅ እህቷ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ታስታምማታለች። የመርፌ ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ይገባል። ያን ቀንም ሁለቱ በሰዓታቸው ወጥተው ገብተዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ባልየው ሆነ። በዚያ ላይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ከሦስት ቀን በፊት ሲጮህ ሰምታዋለች፤ አንድ ቀን ነቅዬ እጥለዋለሁ ሲል።

ሹፌሩ አልካደም።

«ኮምፒውተሩን ነው ያልኩት» አለ። «ስገባ ዓይኗን ከዚያ አታነሳም ነበር። ቅናት በሉት።»

«አሥር ከአሥር ገብተው፣ ያገኟት አሥር ከአርባ ላይ ነው። በመካከሉ የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት።»

«ምን ሲሠሩ?»

ሹፌሩ መዳፉን አሻሸ። «ምንም። ተቀምጬ። ቀኑን ሙሉ ስነዳ ውዬ፣ እዚያ ክፍል ከመግባቴ በፊት ትንሽ እቀመጣለሁ። ሁልጊዜ ነው። እሷ አታውቅም።» ከዚያ ቀና አለ። «እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የሞተችው?»

መርማሪዋ አላውቅም አለችው። አለቃዋ እስከ ነገ ቀትር ሌላ ነገር ካልተገኘ ሹፌሩ እንደሚታሰር ነግሯታል፤ ይህንንም አልደበቀችውም። እሱ ግን ስለ እስሩ አንድ ቃል አልጠየቀም። የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ነው።

በዚያው ምሽት ወደ ምናባዊው ሱቅ ሻጭ ሄደች። ሻጯ ከመርፌ ቤት ሁለት መንገድ አልፋ የምትኖር ወጣት ናት፤ ከራሷ ቤት ሆና፣ በራሷ አቫታር ሱቁ ውስጥ ቆማ ገበያተኛ ታስተናግዳለች። ዓይኗ አብጦ ነበር። ቃሏ ረጅም ነው፤ ፍሬው ይህ ነው፦ የራሷን ሱቅ ልትከፍት አስባ፣ ለመርፌ ሳትነግራት ወሬው በሌላ ሰው አፍ ደርሷት ነበር። ያን ቀን ዘጠኝ ከሃያ ላይ መርፌ ቀሚስ ስትለዋውጥ አይታ ሰላምታ ጻፈችላት። መልስ የለም። አንዲት ደንበኛም ክንፍ ያለውን ካባ ልሞክረው ወይ ብላ መርፌን ጠየቀች። መርፌ መልስ ሳትሰጣት ሌላ ቀሚስ ለበሰች።

«ያኮረፈችኝ መሰለኝ» አለች ሻጯ። «እኔም አኩርፌ ተውኳት። ስልክ ብደውል ኖሮ…»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። መዝገቡን አብረው እንዲያዩት ጠየቀቻት። ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ መርፌ አቫታሯን ስታለብሳት አራት መስመር ተጽፏል፦ ስስ የውስጥ ልብስ፣ የወገብ ማሰሪያ፣ የውስጥ ጉርድ፣ በመጨረሻ ቀሚስ። ከሰዓት በኋላ የተለበሱት ዘጠኝ ቀሚሶች ግን ዘጠኝ መስመር ብቻ ናቸው።

«ከውስጥ የሚለበሰው ይታያል?»

«አይታይም። ቀሚሱ ይሸፍነዋል።»

«ታዲያ ለምን ታለብሳታለች?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ባልታሰረ ወገብ ላይ ቀሚስ አይቆምም አለችኝ። እዚህ ዝም ብሎም ይቆማል፣ ኮምፒውተር እኮ ነው ስላት፣ ‹እኔ አውቀዋለሁ፣ ይበቃኛል› አለች።» ሻጯ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «እኛ ሱቅ ለሙከራ እንኳ ቀሚስ እንዲሁ አይለበስም። እኔም ለምጄ ዛሬ ሌላ አልችልም።»

መርማሪዋ መስመሮቹን እንደገና ቆጠረች። ከዚያ አቫታር ካልነኳት ምን እንደምትሆን ጠየቀች። ሻጯ አሥር ደቂቃ ካልተነካች አንገቷን ደፍታ እንደምታንቀላፋ ነገረቻት። መዝገቡ እንደሚለው የመርፌ አቫታር ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አንቀላፍታ ነበር። የነቃችው ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እታለምን ኮሪደሩን ስትወለውል አገኘቻት። የመኝታ ቤቱ የግድግዳ ሶኬት ከተቃጠለ ወዲህ ሁለት ጥቁር ገመዶች፣ የማሽኑና የኮምፒውተሩ፣ በተዘጋው በር ስር አልፈው ኮሪደሩ ላይ ካለው ማከፋፈያ ጋር ይገናኛሉ። ማከፋፈያው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። እዚያው አጠገብ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል። ሰባት የሹፌር ሸሚዞች ተተኩሰው ተሰቅለዋል፤ ስምንተኛው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንደኛው እጅጌ ተተኩሷል፤ ሁለተኛው እንደተጨማደደ ነው።

«የተኮሱት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ይተኩስለታል ብለሽ ነው ልጄ። እሷ እንደሆን…» እታለም ውልወላዋን አላቆመችም። «ስወጣ በሕይወት ነበረች» አለች። መርማሪዋ ይህን አልጠየቀቻትም።

ኮምፒውተሩን ያውቁበታል ወይ ተብላ ስትጠየቅ ለእኔ ሣጥን ነው፣ መክፈቻውንም አላውቀው አለች። በዚያው ቅጽበት ከመኝታ ቤቱ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። መርማሪዋ ዞር አለች፤ እታለም አልዞረችም።

«ደንበኛ ነው» አለች። «ሰው ሱቋ ሲገባ ይጮኻል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ይለመዳል።»

ድምፁ ሲደጋገም ግን እጇን በጉርዷ ጠርጋ ገባች። ፊቷን ከባዶው አልጋ እንዳዞረች፣ ዓይኗ ሳያይ ጣቷ ድምፁን አጠፋው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ የሳሎኑ ወደ ኮሪደሩ ክፍት ነው። በር ላይ የቆመ አንድ ፖሊስ አለ። ሹፌሩ እሱን ሊወስድ የመጣ መስሎት ጃኬቱን ይዞ ነው የተቀመጠው። እታለምና ሻጯ አንድ ሶፋ ላይ፣ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ።

መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች። መርፌ ስምንት ሰዓት ላይ መድኃኒቷን ወስዳ ተኝታለች፤ አቫታሯም አንቀላፍታለች። ከዚያ በኋላ መርፌ አልነቃችም። አቫታሯን የቀሰቀሳት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ሲያዋሯት የሚመልሰው አላወቀም። ቀሚስ ማልበስ ግን አይቶ ያውቃል፤ የሚታየውን ብቻ። ስለማይታየው የውስጥ ልብስ አልሰማም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋች ሴት አንድ ጊዜ ልትረሳ ትችል ይሆናል፤ ዘጠኝ ጊዜ አትረሳም።

«ሻጯ አይደለችም» አለች። «በዚያ ሰዓት ከራሷ ቤት ከደንበኛ ጋር ትጻጻፍ ነበር፤ ያለ ወገብ ማሰሪያ ቀሚስ ማልበስም እጇ እሺ አይላትም። ሹፌሩም አይደሉም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሃምሳ ሰው ጭነው ከተማውን ሲዞሩ ነበር።»

እታለም ጣቶቿን ታያለች። ከመኝታ ቤቱ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

«ያ ሰው የፈለገው ሞቷ ከአሥር ሰዓት በፊት እንዳይሆን ነው። ለምን ብዬ ወደ ሸሚዙ ሄድኩ። ሰባት ሸሚዝ የተኮሰ ሰው ስምንተኛውን አንድ እጅጌ ላይ አይተወውም፤ የሆነ ነገር ካላስነሳው በስተቀር። ካውያ ለመሰካት ደግሞ ከሁለቱ ሶኬቶች አንዱ መነቀል አለበት።»

ድምፁ ቀጠለ።

«ይህን ትሰሙታላችሁ?»

«ደንበኛ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ኮምፒውተሩን ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ቢሮ ልኬዋለሁ።»

ሹፌሩ አንገቱን ወደ መኝታ ቤቱ አዞረ።

«የምትሰሙት ማሽኑ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ማሽኑን አስነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። ሩብ ሰዓት ሊሆነው ነው። ሦስታችሁም ሰምታችሁታል፤ አንዳችሁም አልተነሳችሁም።»

ሻጯ ብድግ ብላ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ሶኬቱን ሰካችው፤ ማሽኑ ለባዶው አልጋ ማንኮራፋቱን ጀመረ። ተመልሳ አልገባችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ያን ቀን ከስምንት ሰዓት ከሩብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው» አለች መርማሪዋ ወደ እታለም ዞራ። «እርስዎ ስንት ጊዜ ሰሙ?»

እታለም ስትናገር ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ጥርት ያለ ነበር።

«ገመዱ አንድ ዓይነት ነው። የኮምፒውተሩን የነቀልኩ መሰለኝ፤ እሱ ባትሪ አለው። ተኝታለች ብዬ በሩን ዘግቻለሁ፣ ሬዲዮ ከፍቻለሁ። ከዚያ ይጮኻል። ይጮኻል። ዛሬስ ገበያ ቀናት አልኩ። ስትነቃ እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል ብዬ… እየተኮስኩ እኔም ደስ አለኝ።»

የቀረውን መርማሪዋ አንድ አንድ እያለች አወጣችው። እታለም ገብታ ስታያት እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ጩኸቱን መስማት ስላልቻለች ማሽኑን ዘጋችው። ካውያውን ነቀለች፤ የማሽኑን ሶኬት መልሶ መሰካት ትዝም አላላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን የደፋችውን አቫታር አየቻት።

«ለሰዓቱ ብዬ አልነበረም» አለች። «መጀመሪያ ቆማ ላያት ብቻ ነው። አረንጓዴውን አለበስኳት፤ ቀና አለች። ሰዓቱን ያየሁት ሁለተኛውን ሳለብሳት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለሰዓቱ ነው። ስወጣ አረንጓዴውን መልሼ አለበስኳት።» ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አንተን ሊወስዱህ እንደሆነ ትናንት ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። ይሄን በስህተት አላደረግሁትም።»

ሹፌሩ እሷን አላያትም። መርማሪዋን ነበር የሚያየው።

«ወጥ ቤት ስገባ…»

«ከሞተች ከአንድ ሰዓት በላይ አልፏት ነበር። ቀጥታ ወደ እሷ ቢገቡም አይደርሱላትም።»

ሰውየው ጃኬቱ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ አለቀሰ። ከሞተች ጀምሮ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው። በለቅሶው ውስጥ እፎይታ እንዳለበት እሱም ያውቀዋል፤ ይህም አሳፍሮት ቶሎ አላቆመም።

ፖሊሱ ከበሩ ፈቀቅ አለ። እታለም ተነሳች። መውጫው ላይ ከጫማዋ ፊት ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ያዘችው፤ ሦስት ጊዜ አመለጣት። ፖሊሱ ጠበቀ፤ መርማሪዋም ጠበቀች።

ሹፌሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ መጣ። ተንበርክኮ የግራውን አሰረ፣ ከዚያ የቀኙን። ቀና ብሎ አላያትም።

«ጠበቀሽ?» አለ።

«ደህና ነው» አለች እታለም።