የማይመታት አለህ?

ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ደንበኛ ከገባ የሦስተኛው ትከሻ ደጅ ይቀራል። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ እግሩ የሚንገዳገድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት አለ። ሥራው ተከታታይ ፊልም በፍላሽ መጫን ነው፤ የኮሪያ፣ የቻይና፣ የጃፓን፣ የሕንድ፣ ያልተጠየቀው ሁሉ ሳይቀር አለ።

ባለሱቁን በስሙ የሚጠራው የለም። «ሰብታይትል» ነው የሚሉት። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ሱቁን በከፈተ ሰሞን፣ ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ ማንበብ ለሚያቅታቸው ደንበኞች እያነበበ ይነግራቸው ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አልጠላውም። ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ልጅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የዩኒፎርም ስፌት ቤት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ስታልፍ አይቷት ያውቃል፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ የምትሄድ ልጅ ናት። ቀይ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተከታታይ ፈልጌ ነበር። የማይመታት አለህ?»

«ማን? ማንን?»

«ወንዱ። ሴቷን።»

ሳቀ። «የፍቅር ከሆነ የኮሪያ ነዋ! እነሱ ፍቅር እንጂ ቦክስ አይሠሩም።»

አልሳቀችም። ሰው ሁሉ የሚሻማበትን፣ የሀብታም ልጅና የአስተናጋጇን ታሪክ ጫነላት። በሳምንቱ ሐሙስ ተመልሳ መጣች።

«ክፍል አራት ላይ ግድግዳ ላይ ለጠፋት» አለችው።

«እሱማ ቀንቶ እኮ ነው። በኋላ ይቅርታ ይጠይቃታል።»

«አበባ ይዞ ነው አይደል የሚመጣው?»

«እንዴት አወቅሽ? ክፍል ስድስት እኮ ነው፤ ገና አልደረስሽበትም።»

«አይቼው ነው» አለች፤ የት እንዳየችው ግን አልተናገረችም።

የዚያን ጊዜ ነው እጅጌዋን ልብ ያለው። ሙቀቱ ሰውን እያቃጠለ እሷ የለበሰችው ረጅም እጅጌ ነበር። ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የሚያህል ሌላ ጨርቅ ተቀጥሎበታል። ስፌቱ ንጹህ ነው፤ ራሷ ናት የቀጠለችው።

በማግስቱ ያንኑ ፊልም ከፍቶ እንደገና ማየት ጀመረ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አይቶታል። ያቺ የግድግዳዋ ትዕይንት ስትደርስ ወደ ኋላ መልሶ የሚያያት ነበረች፤ ሙዚቃዋን ስልኩ ላይ አድርጓት ያውቃል። አሁን ድምፁን አጥፍቶ አያት። ያለ ሙዚቃው አንድ ትልቅ ሰው አንዲት ትንሽ ሴትን መውጫ ሲያሳጣት ብቻ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ወረቀት አሰመረ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ለልብስ ሰፊዋ የሚጭነው መጀመሪያ ራሱ አይቶ፣ የሚዘለለውን ወረቀቱ ላይ ጽፎ ከፍላሹ ጋር እየሰጣት ነው። «ክፍል 3፣ 41ኛው ደቂቃ፤ እጇን ይዞ ይጎትታታል። ዝለይው።» «ክፍል 9፣ 12ኛው ደቂቃ፤ ስልኳን ይሰብራል። ዝለይው።» «ክፍል 11፣ መጀመሪያው ላይ፤ አማትየዋ በጥፊ። ዝለይው።» አንዳንዱ ፊልም በወረቀቱ ላይ ከተዘለለ በኋላ ምንም አይተርፈውም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ካያቸው አሥራ አንድ ፊልሞች ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ከሁለቱ አንዱን እጅግ ወደደችው። ሰውየው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሚወዳት ሴት ቤት በር ላይ ዝናብ እየመታው ቆሞ «ልግባ?» ይላል። «ዛሬ አይሆንም» ትለዋለች። ይመለሳል። በቃ ይሄው ነው።

«ስድስት ጊዜ አየሁት» አለችው። «የሆነ ቦታ ላይ ዞሮ በሩን ይሰብራል እያልኩ።»

«አይሰብርም። ሃያውንም ክፍል አይቼዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ጊዜ ነበር ሙሉ ዓይኗን ያገኘው፤ የደከመ ዓይን ነው፣ ግን ይስቃል።

«ሃያውንም ለእኔ ብለህ?»

ፍላሹን ነቅሎ ሰጣት። እሷ ወደ ሸሚዙ አመለከተች።

«ቁልፍህ ሊወድቅ ነው። ልስፋልህ?»

ኮሌታዋ ላይ የሰካችውን መርፌ ነቀለች። ቆሞ ጠበቃት። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ስትጠጋ ትንፋሹን ያዘ፤ እሷም የያዘች መሰለው። ደረቱ ላይ ያለችው ያቺ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ የምትከብድ ይመስለው ነበር።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ከጎኗ የምትሠራ አንዲት አፈኛ ጓደኛ ነበረቻት። አንድ ቀን አብራት መጣችና ስክሪኑ ላይ ወንዱ ሴቷን ከአውቶብስ ፌርማታ ሲጎትታት አይታ ደረቷን ያዘች።

«ውይ ሞቼልህ! እኔን እንደዚህ የሚጎትተኝ ባገኝ እስከ ባሕር ነበር የምሄድለት! ሙሽሪትዬ ግን ትፈራለች። ካርቱን ጫንላት እባክህ።»

«ተጎትተሽ ስለማታውቂ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በቀስታ።

ጓደኛዋ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። እጅጌውን አየች፤ ከዚያ ወለሉን።

ሰብታይትል «ሙሽሪት» የሚለውን ነበር የሰማው። ጓደኛዋ ወጥታ ስትሄድ ጠየቃት። ሰርጉ ከወር በኋላ ነው። እጮኛዋ ቤታቸው ሲመጣ እናቷ «ልጄ» ብለው ነው የሚቀበሉት፤ ሰው ፊት ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም።

«ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለች። «ሁሉም ያው ነው፣ ሲወልዱ ይበርዳሉ አለችኝ። የማይመታት አለህ ያልኩህ ለዚያ ነው። ፊልም ላይ እንኳ ከጠፋ እናቴ እውነቷን ነው ማለት ነው፤ አርፌ አገባለሁ።»

«ዓሣ አጥማጁስ?»

«አንድ ነው።»

«አንድም ካለ አለ ማለት ነው።»

ወረቀቱን አጣጥፋ፣ እንደ ሁልጊዜው ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ጡቷ መሃል ከተተችው።

በሳምንቱ ሐሙስ እሷ አልመጣችም። የመጣው እጮኛዋ ነበር። ቀይ ፍላሿን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ለገቡት ሁሉ ሰላምታ ሰጠ፤ በዚያ ጠባብ ሱቅ ወንበሩ ላይ ለተቀመጡት፣ ሐሙስ ሐሙስ ለማይቀሩት ጡረተኛ ሴት አስተማሪ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«አንተ ነህ አይደል የምትጭንላት? ምርጫህ ጥሩ ነው፣ ወንድሜ። ሁሉም ቀዝቀዝ ያለ ነው ግን። ለእኔ የሚመታበትን ጫንልኝ!»

አስተማሪዋ ከልባቸው ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ የሰብታይትልን ትከሻ ያዘ፣ አውራ ጣቱን አጥንቱ ውስጥ እስኪሰማው ተጫነ።

«ከእንግዲህ ፊልም የማየት ጊዜ የላትም። ሰርግ እኮ ደረሰ።»

ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለሁለት ተሰብሯል።

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አሉ አስተማሪዋ።

በቀጣዩ ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች። ግራ እጇ ላይ ሁለት ጣቶቿ አንድ ላይ ታስረዋል።

«መኪናው ረግጦኝ ነው» አለች፣ የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው። ሰብታይትል ጣቶቿን ሲያይ ቀጠለች። «እሺ፣ አይደለም። ልሰናበትህ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ጠይቆኛል። እናቴ ቤት እየጠበቀኝ ነው።»

«አበባ ይዞ?»

«አበባ ይዞ።»

ልትሄድ ዞረች። ከጠረጴዛው ጀርባ መቼ እንደወጣ አያውቅም።

«አትሄጂም!»

እጇን ይዟታል። አንጓዋን፣ ካልታሰረው በኩል፣ አጥብቆ። በአንድ መቶ ፊልም ያየውን፣ በደቂቃ በደቂቃ ቆጥሮ የጻፈውን እጅ።

«እሰይ!» አሉ ከወንበሩ ላይ አስተማሪዋ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ብቻ አነሰች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ የታሰረው እጇ ሳታዝዘው ተነስቶ ፊቷን ከለለ። የሚመጣውን እየጠበቀች ነበር።

«ልቀቀኝ» አለች ከእጇ ጀርባ።

ለቀቃት። እሳት የነካው ያህል ለቆ ከጠረጴዛው ጋር እስኪላተም ወደ ኋላ ሄደ። «እኔ እኮ...» አለና ቃሉን ዋጠው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ በሁሉም ፊልም ያው ነው። ስለምወድሽ ነው።

እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ እሱን። ከዚያ ወጣች።

አልተከተላትም። በፊልም ቢሆን በዝናብ ይሮጥ ነበር፤ ከቤቷ በር ላይ ይቆም ነበር። ማዶው ሃያ እርምጃ ነው፣ አልተሻገረም። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ እያስተናገደ፣ ያ የተነሳ የታሰረ እጅ ይመጣበታል። የኔና የዚያ ሰውዬ ልዩነት ምንድን ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ለራሱ ሊያዳላ አልፈለገምና ቶሎ አልመለሰም።

የሰርጉ እሁድ መጣ። የመኪና ጥሩንባ ጠብቆ አልሰማም።

ሰኞ ጠዋት አፈኛዋ ጓደኛዋ መጣች። ዛሬ አትቀልድም።

«ሄደች። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ። መቀሷንና ሁለት ቀሚስ ብቻ ይዛ። እናቷ አልጋ ላይ ወድቀዋል። እሱ ትናንት ስፌት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ለእሱ አዝኖ ውሃ ሲያቀርብለት ነበር።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ወዴት ሄደች ብለህ አትጠይቀኝም?»

ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው።

«አልጠይቅሽም። እሱም ይጠይቅሻል። ለአንድ ሰው የነገርሽ ቀን ለእሱም ይደርሰዋል።»

ጓደኛዋ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄን ስጪው ብላኝ ነበር።»

ብቻውን ሲቀር ከፈተው። የራሱ ወረቀት ነው፤ በላብ ወዝቷል፣ እጥፋቶቹ ሊበጠሱ ደርሰዋል። ከእሱ መስመሮች ግርጌ፣ በስፌት ጠመኔ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ትንሽ ፊደል ሌላ መስመር ተጨምሯል።

«ሐሙስ፣ በሱቁ ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ። በሩ ላይ እጄን ያዘኝ። ልቀቀኝ አልኩት። ለቀቀኝ።»

ደጋግሞ አነበበው። ይቅርታ ይሁን ክስ አልለየለትም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነው። ከላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ በጣቱ ተከትሎ ወረደ። እያንዳንዳቸው በእሱ ጽሑፍ፣ በአንድ ቃል ያልቃሉ።

የመጨረሻው መስመር ላይ «ዝለይው» የሚል አልነበረም።